ብርድ የሶላር ጠላት አይደለም፦ «በብርድ ሀገር ሶላር አይሠራም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝና «እንግዲህ የገዛሁትን ፓነል ልሽጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዳጄ የሚኖረው ብርዱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ሰሜናዊ ሀገር ነው። ከመብራት መስመር ርቃ ለምትገኝ ትንሽ ቤቱ ስምንት ፓነል ገዝቷል። ገና አልገጠማቸውም። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ከልብ የሚጨነቁ ይመስለኛል። ዋናው ሐሳባቸው ግን የተሳሳተ ነው፤ እሱን አምኖ የሚወስን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው ተነሣሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ፓነል የሚሠራው በፀሐይ ሙቀት ስለሆነ በብርድ ይደክማል። ማስረጃውም በብርድ ወራት ምርቱ ማሽቆልቆሉ ነው። በረዶ ከጣለ ደግሞ ወቅቱ እስኪያልፍ ይዘጋል። ብርዱ መስታወቱን ይሰነጥቃል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ባትሪውም ይሞታል። ብርዳም ሀገሮች ሶላር የሚተክሉት ለይስሙላ ነው። ስለዚህ ለብርድ የሚሆን ሌላ ቴክኖሎጂ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

ከመጀመሬ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ጸሐፊው «ክረምት» እያሉ ነው የጻፉት። በአማርኛ ክረምት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ዝናብና ደመና ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ግን በፈረንጆቹ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ስለሚመጣው፣ አንዳንዴ ሰማዩ ጥርት ብሎ ምድሩ በረዶ ስለሚለብስበት ብርድ ነው። ለፓነል ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ደመናው ይጎዳዋል፤ ብርዱ አይጎዳውም። እኔ እንዳይምታታ «የብርድ ወራት» እላለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። የሌሎቹ ሁሉ ምንጭ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጸሐፊው ፓነል ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል ብለው ነው የተነሡት። አይቀይርም። ፓነል የሚፈልገው ብርሃን ነው። ብርሃን ፓነሉ በተሠራበት ሲሊከን በሚባለው ነገር ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ከያዙት ቦታ ያስነሣል። ሲሊከኑ ውስጥ ደግሞ በፋብሪካ ሆን ተብሎ የተሠራ ድንበር አለ። ያ ድንበር የተነሡትን ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋቸዋል። በሽቦው የሚወጣው ከረንት ይሄው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር፤ ያኔ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ለሥራ የሚበቃው የመጀመሪያው የሲሊከን ሴል (ፓነል የሚገጣጠምባት ትንሽ ክፍል) የታየውም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያ ሴል ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ደህና ፓነል ከ20 በመቶ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሙቀት ረዳት ሆኖ አያውቅም።

እንዲያውም ያውካል። ሲሊከኑ ሲግል፣ የተነሡት ኤሌክትሮኖች ሥራ ሳይሠሩ ወደነበሩበት የመመለስ ዕድላቸው ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ቮልቴጁ ይወርዳል። ከረንቱ በጣም በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም የቮልቴጁን ኪሳራ አይሸፍንም። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ከፓነሉ ጋር የሚመጣውን የመረጃ ወረቀት መግለጥ ይበቃል። እዚያ ላይ የኃይልን ከሙቀት ጋር መለዋወጥ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ለአብዛኞቹ የሲሊከን ፓነሎች በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ነው። ከፊቱም የመቀነስ ምልክት አለው። ትርጉሙ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኃይሉ በዚያ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል።

በቁጥር እንየው። አንድ ፓነል 400 ዋት ነው ሲባል፣ ያ የተለካው በስኩዌር ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። አየሩ ሳይሆን ሴሉ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ፓነል ደግሞ ከአየሩ ይልቅ በጣም ይግላል። በደማቅ ፀሐይ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አየሩ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ሴሉ 65 ዲግሪ ይገባል። ከ25 በ40 ዲግሪ አለፈ ማለት ነው። ቁጥሩን 0.35 ብንወስድ ኪሳራው 14 በመቶ ነው። 400 ዋት የተባለው ፓነል 344 ዋት ይሰጣል። ያው ፓነል አየሩ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሆነበት ቦታ በዚያው ልክ ደማቅ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ሴሉ 5 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በዚህ ጊዜ 7 በመቶ አትርፎ 428 ዋት ይሰጣል። አንድ ዓይነት ፓነል፣ አንድ ዓይነት ብርሃን። ብርዱ ላይ ያለው ሙቀቱ ላይ ካለው በ84 ዋት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ይህን ቁጥር ይዘው «በብርድ ወራት ሶላር የበለጠ ያመርታል» እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። እነሱም ሰው እያሳሳቱ ነው። ከብርዱ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ የብርሃኑ ማነስ ከሚያመጣው ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። ጸሐፊው የተነሡት እንዲህ ያለውን ማጋነን ለመቃወም ከሆነ እኔም አብሬያቸው ነኝ። ማጋነንን በሌላ ስሕተት መመለስ ግን ሰውን አይረዳም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ። እሱ በእርግጥ ሙቀት ሰብሳቢ ነው። ጣሪያ ላይ ሲታይ ከፓነል ጋር ይመሳሰላል፤ ስሙም «ሶላር» ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ሥራቸው ግን በፍጹም አይገናኝም።

ብርድ ፓነልን ቢያዳክም ኖሮ ማርስ ላይ ምንም ነገር ባልሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ተሽከርካሪዎች ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከፀሐይ ፓነል ነበር። የማርስ ሌሊት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። የታቀደላቸው የሥራ ጊዜ 90 የማርስ ቀናት ነበር። ኦፖርቹኒቲ ከ14 ዓመት በላይ ሠራች። በጁን 2018 ዝም ያሰኛት ምን ነበር? ፕላኔቷን ያለበሰ የአቧራ ማዕበል ነው። ብርሃኑን ጋረደባት። ብርሃን ሲጠፋ ፓነሉ ማምረት አቆመ፤ መልሳም አልነቃችም። ያን ሁሉ ዓመት ከብርዱ ጋር ኖራለች። ከጨለማው ጋር ግን መኖር አልቻለችም።

ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ይከተላል። ጸሐፊው በብርድ ወራት ምርት እንደሚያሽቆለቁል ጽፈዋል። እውነት ነው። ቁጥሩ ላይ አልከራከራቸውም፤ በሰሜን አውሮፓ የዲሴምበር ምርት ከጁን ምርት ብዙ እጥፍ ያንሳል። የምከራከራቸው ምክንያቱ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ስለመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ብርዱም የምርቱ ማነስም የአንድ ነገር ልጆች ናቸው። እሱም የፀሐይ ዝቅ ማለት ነው።

60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ያለ ቦታ እንውሰድ። በዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ቀኑ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትወጣው ከአድማስ 6.6 ዲግሪ ከፍታ ብቻ ነው። በጁን ደግሞ ቀኑ 19 ሰዓት ገደማ ይረዝማል፤ ፀሐይም ከ53 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ፀሐይ ያን ያህል ዝቅ ስትል ሁለት ነገር ይሆናል። ብርሃኑ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው። 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን እንኳ አናት ላይ ካለችበት ሁለት እጥፍ አየር ታቋርጣለች፤ 6 ወይም 7 ዲግሪ ላይ ስትሆን ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ብርሃኑ ይደክማል። ሌላው፣ ብርሃኑ መሬት ላይ በጣም ተኝቶ ያርፋል። መሬት ላይ ጠፍጣፋ የተዘረጋ ፓነል ከዚያ ደካማ ብርሃን ላይ ራሱ አንድ አሥረኛ ቢያገኝ ነው። በዚህ ላይ ደመና ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ሰማዩ በወፍራም ደመና ሲሸፈን ፓነል ከሙሉ አቅሙ ከ10 እስከ 25 በመቶ ቢሰጥ ነው። «ክረምት» የሚለው ቃል ላይ የቆየሁት ለዚህ ነው። በአማርኛው ክረምት ደመናው፣ በሰሜኑ የብርድ ወራት ደግሞ አጭሩ ቀንና ዝቅ ያለችው ፀሐይ ናቸው ምርቱን የሚያወርዱት። የአየሩ ቅዝቃዜ በሁለቱም ውስጥ የለበትም።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ጸሐፊውም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። በማርች 21 እና በሴፕቴምበር 22 አካባቢ የቀኑ ርዝመትና የፀሐይዋ ከፍታ አንድ ዓይነት ነው። የአየሩ ሙቀት ግን አንድ አይደለም። በሰሜን ሀገሮች ማርች ገና ብርድ ነው፤ ሴፕቴምበር የሙቀቱ ወራት ግለት ያልለቀቀው ነው። ብርድ ፓነል የሚያዳክም ከሆነ የማርች ምርት ከሴፕቴምበር በጉልህ ማነስ ነበረበት። በረዶ ካልሸፈነው በቀር አያንስም። ጣሪያው ላይ ፓነል ያለው ሰው የኢንቨርተሩን (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረውን መሣሪያ) መዝገብ ከፍቶ ሁለቱን ወራት ማስተያየት ይችላል።

ምክንያቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? መፍትሔው ከምክንያቱ ስለሚመጣ ነው። ጥፋቱ የብርዱ ቢሆን ምንም ማድረግ አይቻልም። ጥፋቱ የፀሐይዋ ዝቅ ማለት ከሆነ ግን ፓነሉን ማቆም ይቻላል። ዝቅ ያለችን ፀሐይ ፊት ለፊት ለማየት ፓነሉ ቀጥ ማለት አለበት። የተለመደው ምክር ለብርድ ወራት የኬክሮሱን ዲግሪ ወስዶ 15 መጨመር ነው። 60 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው ፓነሉን 75 ዲግሪ ያቆመዋል ማለት ነው፤ ግድግዳ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል። በሙቀቱ ወራት የተወሰነ ምርት ያጣል። ግን ያኔ ብርሃኑ ሞልቶ ተርፏል።

በረዶውን በተመለከተ ጸሐፊው ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረቡት እዚህ ላይ ነው። ወፍራም በረዶ የለበሰ ፓነል አያመርትም። ስስ ከሆነ የተወሰነ ብርሃን ያሳልፋል፤ አሥር ሳንቲሜትር ከሆነ ግን ነገሩ አበቃ። ስሕተቱ «ወቅቱ እስኪያልፍ» የሚለው ነው። ፓነል ጥቁርና ለስላሳ መስታወት ነው። አንድ ጥጉ ከተገለጠ ብርሃን ይስባል፣ ይሞቃል፣ ከሥር ያለው በረዶ ይላቀቃል፣ ቀሪው ተንሸራቶ ይወርዳል። ዘንበል ብሎ የቆመ ከሆነ ይህ ቶሎ ይሆናል። ጠፍጣፋ ከሆነ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ፓነሉን ቀጥ ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፤ ለፀሐይም ለበረዶም።

ሰው የማያስተውለው ነገር የታችኛው ጠርዝ ነው። በረዶው ሲንሸራተት ከታች ፍሬሙ ላይ ይከማቻል። አብዛኛውን ጊዜ በፓነል ውስጥ ያሉት ሴሎች በሦስት ክፍል ተከፍለው ነው የሚያያዙት። ክፍሎቹም ፓነሉን በቁመቱ ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ባይፓስ ዳዮድ አለው፤ አንዱ ክፍል ሲጋረድ ከረንቱ እሱን ዘሎ እንዲያልፍ ነው። የድሮው ዓይነት ፓነል በቁመቱ ከተገጠመ የታችኛው የበረዶ መስመር ሦስቱንም ክፍሎች ይነካል። በዚህ ጊዜ የታችኛውን የሴሎች ረድፍ ብቻ የሸፈነ በረዶ ሙሉውን ፓነል ያጠፋዋል። በጎኑ ከተጋደመ ግን የሚጠፋው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሴሎቹ ለሁለት የተከፈሉበት አዲሱ ዓይነት ደግሞ በቁመቱ ቢገጠምም የላይኛው ግማሽ መሥራቱን ይቀጥላል። እንዲህ ዓይነቱ ምክር ነው በብርድ ሀገር ላለ ሰው የሚጠቅመው። ጽሑፉ ውስጥ ቢኖር ምኞቴ ነበር።

በረዶ ደግሞ ውለታም አለው። አዲስ የወረደ በረዶ የሚያርፍበትን ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። ሣር 20 በመቶ ቢመልስ ነው። በሁለት ፊቱ የሚያመርት ፓነል በረዶ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም በጀርባውም ይበላል ማለት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሙትዜ የሚባል ግድብ አለ። ግድግዳው ላይ 5,000 ገደማ ፓነሎች ተገጥመው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2022 ተጠናቋል። የዓመቱን ምርት ግማሽ ያህል በብርዱ ግማሽ ዓመት እንዲሰጥ ተብሎ የታቀደ ነው። ቦታው የተመረጠው ብርዳም ቢሆንም አይደለም። ከሸለቆው ጭጋግ በላይ ስለሆነ፣ አየሩ ስለሚጠራ፣ በረዶው ብርሃን ስለሚመልስና ብርዱ ፓነሉን ስለሚያቀዘቅዝ ነው።

በረዶ ስለመጥረግ አንድ ማሳሰቢያ። ፈላ ያለ ውሃ አታፍስሱ፤ ቀዝቃዛ መስታወት በድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። አካፋም አይሁን። ለስላሳ ጫፍ ያለው ረጅም መጥረጊያ ከመሬት ሆኖ መጠቀም ነው። በረዶ በለበሰ ጣሪያ ላይ መውጣት ደግሞ ለጥቂት ዋት ብሎ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው። እባካችሁ አትውጡ።

ብርድ መስታወቱን ይሰነጥቃል ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ፓነል ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ዓለም አቀፍ ፈተና አለ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ድረስ 200 ጊዜ እየተመላለሰ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ድንጋይ በሰከንድ 23 ሜትር ፍጥነት ይተኮስበታል። ለከባድ በረዶ ተብለው የሚሠሩት በስኩዌር ሜትር 550 ኪሎ ገደማ ክብደት ተጭኖባቸው ይፈተናሉ። ዕድሜን በተመለከተ ነገሩ ጸሐፊው ካሉት ይገላበጣል። ሴሎቹን የሚያጣብቀውን ፕላስቲክ የሚያስረጀው በአብዛኛው ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

ወደ ባትሪው ልሂድ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የወነጀሉት ግን ሌላውን ነው። ባትሪ ብርድ አይወድም። ባትሪ የሚሠራው በኬሚካል ነው፤ ኬሚካል ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ከተለመደው አቅሙ ግማሽ ገደማ ነው የሚሰጠው። ባዶ ሆኖ ከተተወ ደግሞ ውስጡ ያለው አሲድ ወደ ውሃ ይጠጋና ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሊረጋ ይችላል። ሲረጋ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪም ቢሆን አይረጋም። የሊቲየም ባትሪ ጠባይ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ መስጠቱን በብርድም ይሰጣል፤ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ግን ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በላዩ ላይ ይለበጣል። ያ ጉዳት አይመለስም። ደህና የሊቲየም ባትሪ ይህን የሚያውቅ መቆጣጠሪያ አለው፤ ሲቀዘቅዝ ቻርጁን ይዘጋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ሰው «ብርድ ሲገባ ፓነሌ ሞተ» ብሎ ጠራኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፓነሉን ለካሁት፤ ቮልቴጁ እንዲያውም ከፍ ብሏል። ባትሪው ግን ውጭ በብረት ሳጥን ውስጥ ነበር የተቀመጠው። መቆጣጠሪያው ቻርጁን ዘግቶታል። ፓነሉ ያመርታል፣ የሚቀበለው የለም። ባትሪውን ወደ ቤት አስገባነው። ሲሞቅ በዚያው ቀን መሙላት ጀመረ። እንዲህ ያለ ታሪክ ስንቱ ሰው ጋ «ሶላር በብርድ አይሠራም» ሆኖ እንደቀረ አስባለሁ። መፍትሔው ባትሪውን ሰው የሚኖርበት ቦታ ማስገባት ነው። ካልሆነ ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ማስቀመጥ፣ ወይም ራሱን የሚያሞቅ ባትሪ መግዛት ነው።

እስካሁን የመለስኩት ላሉት ነገር ነው። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ያላሉት ነው። ብርድ በሶላር ላይ አንድ እውነተኛ አደጋ አለው፤ ጽሑፉ ግን አላነሣውም። ሊያነሣውም አይችልም፤ ምክንያቱም አደጋው ብርድ ፓነልን ከማበርታቱ የሚመጣ ነው።

ቀደም ብዬ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጅ ይጨምራል ብያለሁ። ብዙ ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቴጃቸው ይደመራል። ኢንቨርተሩም ሆነ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ከዚህ አያልፍብኝ የሚለው ወሰን አለው። ፓነሉ ምንም ጭነት ሳይኖርበት የሚያሳየው ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቅዝቃዜ 0.27 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እያንዳንዳቸው 50 ቮልት የሆኑ 11 ፓነሎች በተከታታይ ቢያያዙ 550 ቮልት ነው። ወሰኑ 600 ለሆነ ኢንቨርተር በቂ ርቀት ያለው ይመስላል። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ግን ከ25 በ45 ዲግሪ ወርዷል፤ ቮልቴጁ በ12 በመቶ ይጨምርና 617 ይገባል። ወሰኑ ታለፈ። 10 ፓነል ቢሆን 561 ላይ ይቆም ነበር።

ለትንንሽ ተከላ ደግሞ ይብሳል። ወሰኑ 100 ቮልት የሆነ ኮንትሮለር ላይ ባለ 48 ቮልት ሁለት ፓነል በተከታታይ ማሰር በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ሲደመር 96 ይሆናል፤ «ገና አራት ቮልት ይቀረዋል» ይባላል። ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን 102 ያልፋል። ዜሮ ዲግሪ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ብርድ አይደለም። አደጋው የሚከሰተው ደግሞ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ሴል ገና ሳይሞቅ የመጀመሪያው ብርሃን ያርፍበታል። የአንድ ጓደኛዬ ኮንትሮለር የተቃጠለው እንዲሁ ጥርት ባለ ማለዳ ነው። የገጠመለት ባለሙያ ብርዱ ነው ያቃጠለው አለው። ብርዱ አልነበረም፤ ስሌቱ ነው። ገጣሚው የመረጃ ወረቀቱን አንብቦ፣ በአካባቢው ተመዝግቦ የሚያውቀውን ዝቅተኛ ሙቀት ወስዶ ማስላት ነበረበት። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰውን «ፓነልህ በብርድ ይደክማል» ብሎ ማሳመን ጉዳት አለው። ይደክማል ብሎ የሚያስብ ሰው ይበረታል ብሎ አይጠነቀቅም።

ብርዳም ሀገሮች ሶላር የሚተክሉት ለይስሙላ ነው የሚለውን ባልሰማው እመርጥ ነበር። ጀርመን ከ47 እስከ 55 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ያለች ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የተከለችው ሶላር ከ80 ጊጋዋት አልፏል። ይህን ያህል ሀብት ማንም ለማስመሰል አያፈስም። ዲሴምበር ላይ ምርቱ እንደሚወርድ እነሱም ያውቃሉ። በብርድ ወራት ነፋሱ ስለሚበረታ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። አንታርክቲካ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የቤልጅየም ፕሪንሰስ ኤልዛቤት ጣቢያም የሚሠራው በነፋስና በፀሐይ ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ሳልሸራርፍ እሰጣለሁ። ከመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ሰውና ያልተገናኘ ሰው አንድ አይደሉም። የተገናኘው በዲሴምበር የጎደለውን ከመስመር ይወስዳል፤ የእሱ ጉዳይ የዓመቱ ድምር ነው። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ተደምረው የዓመቱን ምርት 5 በመቶ ብቻ የሚሰጡበት ቦታ ላይ ሁለቱንም ወራት በረዶ ቢወስዳቸው የሚጎድለው ያው 5 በመቶ ነው። መስመር የሌለው ሰው ግን በድምሩ አይጽናናም። ማታ መብራት የሚፈልገው በዲሴምበር ነው። ለዚህ ሰው «ሶላር ብቻውን ዓመቱን ሙሉ ያኖርሃል» ማለት መዋሸት ነው። ጽሑፉ ይህን ብቻ ይዞ ቢቆም ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር።

ሌላ ቴክኖሎጂ እስኪመጣ ጠብቁ ስለሚለው ምክር፣ መልሴ ለወዳጄ የጻፍኩለት ነው። ፓነሉን አትሽጠው። ጣሪያው ላይ አታስተኛው፤ ወደ ደቡብ አዙረህ ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው። ከታች በረዶው የሚወድቅበት ቦታ ተውለት። ባትሪውን አንተ ከምትተኛበት ክፍል አታርቀው። ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ባለው ጊዜ ትንሽዋን ጄኔሬተር አስቀምጥ፤ ያኔ ታስፈልግሃለች። በፌብሩዋሪ ፀሐይዋ ከፍ ማለት ትጀምራለች፤ በረዶውም ገና አለ፣ ብርሃኑንም ይመልስልሃል። የኮንትሮለርህ ወሰን 150 ቮልት ነው፣ ፓነሎችህ 48 ቮልት ናቸው። ሦስት ሦስት አድርገህ እንዳታስር፤ 144 ቢሆንም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ 165 ይገባል። ሁለት ሁለት አድርገህ እሰራቸው። አራት መስመር ስለሚሆኑ ደግሞ በየመስመሩ ፊውዝ አስገባ።